በሰው ቦታ

ሳፊያ ሙዓዊያ ሥራ ያገኘችው በሰው ሕመም ነው። ይህንንም ማንም አልደበቃትም። የኮሌጁ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ዶክተር ምንይሉ የቅጥር ደብዳቤዋን ሲሰጧት፣ «ጊዜያዊ ነው፤ የትርፍ ሰዓት ነው፤ መምህር ዘይኑልአቢዲን ሲሻላቸው ያበቃል» ብለው ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ ነገሯት። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ እየወጣች ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሳይኮሎጂ ልታስተምር ነው። ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛ ሁለት ዓመት ሙሉ የየቢሮውን ደጅ ስትጠና የኖረች ልጅ ናትና ደብዳቤውን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወጣች። ደስታዋ ግን ከኮሪደሩ ጫፍ አላለፈም። ሁለት የጽሕፈት ሠራተኞች ሲንሾካሾኩ ወሬያቸው ጆሮዋ ውስጥ ጥልቅ አለ።

«የዘይኑን ክፍል የምትይዘው ይቺ ናት?»

«እሷ ናት። አላህ ይጠብቃት እንጂ ምን ይባላል።»

ከምን ነው የሚጠብቀኝ ብላ ልትጠይቅ ፈለገች። አልጠየቀችም።

የሰውዬውን ነገር የሰማችው ቀስ በቀስ ነው። ዘይኑልአቢዲን፣ ሁሉም ዘይኑ የሚለው፣ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። አያቱ ቃዲ ነበሩ፤ ቤተሰቡ ደሴ ውስጥ ስሙ ሲነሳ ሰው ከመቀመጫው ብድግ የሚልለት ዓይነት ነው። ተማሪ ይወደዋል። ባለፈው ኅዳር ግን አንድ ቀን ስለ ፍርሃት እያስተማረ ሳለ፣ ጠመኔ እንደያዘ ወደ ሰሌዳው ዞረና ቀጥ ብሎ ቀረ። ተማሪዎቹ ሊጽፍ ነው ብለው ደብተራቸውን ገልጠው ጠበቁ። አምስት ደቂቃ ሆነ፤ ዐሥር ሆነ። መጀመሪያ የሳቀ ነበር፤ በኋላ የሚስቅ ጠፋ። አርባ ደቂቃ ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆመና ሰዓቱ ሲያልቅ ጠመኔውን በቀስታ አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ደሴ ሆጤ ሰፈር ካለው የቤቱ ግቢ ንቅንቅ አላለም። የሕመም ፈቃድ ተሰጠው። ስልኩንም ለእህቱ ለቢልቂስ አስረክቦ «አጥፊልኝ» አላት አሉ።

የመጀመሪያ ክፍሏ ሦስት ቀን ሲቀረው ሳፊያ የማስተማሪያ ማስታወሻውን ልትዋስ ሆጤ ሄደች። በሩን የከፈተችላት ቢልቂስ ናት፤ ከቤታቸው ግቢ ፊት ለፊት ደብተርና እስክሪብቶ የምትሸጥ፣ ወሬ የማታበዛ ሴት። ዘይኑ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። ሳፊያ የታመመ ሰው ዓይን ጠብቃ ነበር የሄደችው፤ ያገኘችው ግን አጥርቶ የሚያይ፣ አይቶም የሚያዝን ዓይን ነው። የሷም ዓይን ቶሎ መሰበር አቃተው።

«ፈርቻለሁ» አለችው፣ ለምን እንዲህ እንዳለች ሳታውቅ። «እርስዎ ከቆሙበት መቆም ፈርቻለሁ።»

ወሎ ውስጥ ፈራሁ ላለ ሰው መልሱ አንድ ነው። ሽማግሌው፣ ባለ ባጃጁ፣ ሐኪሙ፣ ሁሉም «አብሽሪ» ይላል፤ አይዞሽ ማለት ነው። ዘይኑም አፉን ከፈተ። ቃሉ እከንፈሩ ሲደርስ አየችው። ወዲያው ፊቱ አመድ መሰለና አፉን መልሶ ገጠመው።

«ጥያቄ ካለሽ ጻፊልኝ» አለ በመጨረሻ። «ቢልቂስ ሱቅ አስቀምጪው። ስልክ አላነሳም።»

ማስታወሻውን ታቅፋ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ፣ ያች ሳትባል የቀረች ቃል ከተባለው ሁሉ በልጣ ትሰማት ነበር።

ደብዳቤው እንዲህ ተጀመረ። መጀመሪያ የሥራ ነበር። «ክቡር መምህር፣ ስለ ትውስታ የሚያወራውን ምዕራፍ በስንት ክፍለ ጊዜ ይጨርሱት ነበር?» ትላለች። «በአራት። ግን አትቸኩዪ። መስኮት ሥር የሚቀመጡት ያልገባቸውን ገባን ይላሉ» ይላል። ማክሰኞ አስቀምጣ ሐሙስ መልስ ትወስዳለች። ቢልቂስ ፖስታውን ከደብተሮቹ ሥር አውጥታ ስትሰጣት ዓይኗ እያደር ለስላሳ ሆነ።

በየካቲት መጨረሻ ገደማ ደብዳቤው ከሥራ ወጣ። «ዛሬ ጉሙ ጦሳን ሙሉ በሙሉ ስለዋጠው ተራራው ኖሮም የሚያውቅ አይመስልም» ብሎ ጻፈላት። እሷም የእናቷን የፋብሪካ ሽርጥ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ በቀትር አስፋልቱ ሲቀልጥ የሚሸተውን ሽታ፣ ስትማር አዲስ አበባ ያሳለፈቻቸውን ብቸኛ ዓመታት ጻፈችለት። አንድ ቀን «እርስዎ» ብላ የጀመረችውን ዐረፍተ ነገር «አንተ» ብላ ጨረሰችው። ልትሰርዘው ብዕሯን አነሳች፤ ሳትሰርዘው አጠፈችው። በሐሙሱ መልስ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ሁለተኛውን ቃል ደጋግሜ አነበብኩት።»

ሐሙስ ሐሙስ ከክፍል በኋላ በረንዳው ላይ መቀመጥ ጀመሩ፤ ቢልቂስም በሩን ገርበብ አድርጋ ሱቋን ትጠብቃለች። ብዙ አያወሩም። አንዳንዴ ሩቅ ቤት ውስጥ የሰው ስልክ ሲጮኽ ዘይኑ ጉልበቱን በሁለት እጁ ጥፍንግ አድርጎ ይይዛል፤ እስኪቆም ድረስ። ሳፊያ ያንን ባየች ቁጥር ይህን ሰው እንደምትወደው ታውቅ ነበር። የምትወደው ሰው አንድ የተዘጋ ክፍል እንዳለው፣ ቁልፉም የት እንደወደቀ እንደማታውቅም እንዲሁ።

ለእናቷ ለመንገር በመጋቢት አንድ ምሽት ደፈረች። እናቷ ራሂማ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ውስጥ ፈትል ክፍል ሃያ ዓመት የሠራች፣ በማሽኑ ጩኸት ጆሮዋ ትንሽ የደከመ፣ ጮክ ብላ የምትስቅ ሴት ነበረች። ከጦርነቱ ወዲህ ግን ሳቁ ቀርቷል።

«እማዬ፣ አንድ ሰው አለ። ሆጤ። የቃዲ ቤተሰብ ናቸው። እኔ በሱ ቦታ ነው የማስተምረው፤ ዘይኑልአቢዲን ይባላል።»

ራሂማ ምስር እየለቀመች ነበር። እጇ ቆመ።

«ማን አልሽኝ?»

«ዘይኑልአቢዲን። መምህር ዘይኑ ነው የሚሉት።»

«ከሱ ሰው ራቂ።»

«ለምን እማዬ? የፈትል ሠራተኛ ልጅ አይሹም ብለሽ ነው?»

«ራቂ አልኩሽ፣ ሳፊ! ሌላ አትጠይቂኝ!» ብላ ምስሩን እንደያዘች ተነሳች። ያን ማታ ስትሰግድ ከሱጁድ ሳትነሳ ብዙ ቆየች። ሳፊያ በጨለማው ውስጥ ተኝታ የእናቷን ትንፋሽ ስታደምጥ፣ በዚህ ቤት ውስጥ እናቷ የምታውቀው፣ እሷ ግን የማታውቀው አንድ ነገር እንዳለ ተሰማት፤ ብርድ ልብሱም አላሞቃት አለ።

እናቷን እንዳይቀየምባት ብላ ነው ቀጣዩን ደብዳቤ የጻፈችው። «ካንተ እንድርቅ ነግራኛለች፤ ግን እማዬን አትቀየማት። ክፉ አይደለችም። ከጦርነቱ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነችው። በአንድ ማሽን አብራት የምትሠራ ጣይባ የምትባል ልጅ ነበረቻት፤ እኔ አዲስ አበባ ሳለሁ እንደ ልጅ የያዘቻት። ቅዳሜና እሁድ ትማር ነበር አሉ። ኮምቦልቻ ውስጥ ቤት ተደርምሶባት ሞተች። እማዬ ስለሷ አታወራም።»

ሐሙስ መልስ አልነበረም። ማክሰኞም አልነበረም። «አሞታል» አለች ቢልቂስ። «ማንንም አላይም ብሏል።» ሳፊያ እናቴ መጥላቷን ነግሬው ክብሩ ተነካ ብላ አሰበች። ምነው እጄን በቆረጠው አለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ባዶ እጇን ወረደች።

በዚያው ሰሞን ዶክተር ምንይሉ አስጠሯት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፋይል የበዛባቸው ሰው ናቸው።

«የዘይኑ ፈቃድ በሰኔ ያበቃል» አሉ መነጽራቸውን እየጠረጉ። «ኮሚቴው ይቀጥል ወይስ ይሰናበት ብሎ መወሰን አለበት። የሐኪም ወረቀት አላመጣም። አንቺ እየሄድሽ እንደምታዪው ሰምቻለሁ። ሙያውም አለሽ። የምታውቂውን ጽፈሽ አምጪልን።»

«እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ዶክተር።»

«የሚጽፍ ከሌለ እኮ ዝም ብሎ መሰናበቱ ነው።» መነጽራቸውን መልሰው አድርገው ጨመሩ፦ «ከተሰናበተ ደግሞ ቋሚ ቦታ ይወጣል። አንቺን የሚቀድም እንደሌለ ታውቂያለሽ። ይህን ለማባበል አይደለም የምነግርሽ፤ እውነት ስለሆነ ነው።»

ሁለት ገጽ ጻፈች። ብሩህ መምህር መሆኑን፣ ተማሪዎቹ ዛሬም ስሙን እንደሚያነሱ፣ አንድ ዓመት ጊዜ ቢሰጠው፣ በክፍሉ ውስጥ ረዳት ቢመደብለት ሊመለስ እንደሚችል ጻፈች። በመጀመሪያው ገጽ ግን እውነት መሆን ስላለበት አንድ ዐረፍተ ነገር አስገባች፦ «መምህር ዘይኑልአቢዲን አሁን ባሉበት ሁኔታ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ሊቆሙ አይችሉም።» ሰረዘችው። መልሳ ጻፈችው። ስትፈርም «ቦታ ይወጣል» የሚለው የዶክተሩ ድምፅ በጆሮዋ ሽው ብሎ አለፈ። ለአንዲት ቅጽበት ብቻ ነበር። ግን አልፏል፤ እሷም ማለፉን አውቃለች።

ከደብዳቤው ግርጌ፣ እንደ ማንኛውም የቢሮ ወረቀት፣ ጸሐፊዋ «ግልባጭ፦ ለመምህር ዘይኑልአቢዲን» ብላ መምታቷን ሳፊያ አላየችም።

በሚያዝያ ሦስተኛው ሐሙስ ጧት በልግ ዘንቦ ደሴ በጉም ታፍና አገኘቻት። ሰው ከሦስት እርምጃ በላይ አይታይም። ሳፊያ ክፍል ከመግባቷ በፊት ወደ ሱቁ ጎራ ስትል ቢልቂስ ከውጭ ቆማ ነበር፤ ነጠላዋ ተዛንፎ፣ ዓይኗ ቀልቶ።

«ይኸው» ብላ አንድ ወፍራም ፖስታ ሰጠቻት።

ውስጡ የገዛ ራሷ ደብዳቤዎች ነበሩ። ሁሉም፤ በቅደም ተከተላቸው፣ በክር ታስረው። ከላይ አጭር ወረቀት አለ።

«ሳፊያ፣ ግልባጩ ደረሰኝ። የጻፍሽው እውነት ነውና አልቀየምሽም። ግን ስለ ጣይባ ማወቅሽን ዙሪያውን ሳትዞሪ ፊት ለፊት ብትነግሪኝ ይሻለኝ ነበር። ቦታው ሐላልሽ ይሁን። ዘይኑ።»

አንድ ጊዜ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። «ስለ ጣይባ ምን ማወቄን?» አለች። «ቢልቂስ፣ ጣይባን እሱ በየት ያውቃታል?»

«ኧረ እኔስ ምን አውቄ፣ እህቴ! ያቺ ግልባጭ የምትሉት ወረቀት ትላንት ከመጣች ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደውም። ሱብሒ ሰግዶ ጫማውን አደረገ። ስድስት ወር ከግቢ ያልወጣ ሰው! ‹የት ነው?› ብለው ‹ኮምቦልቻ፤ የሳፊያን እናት ላያቸው ነው፤ ከዚያ በኋላ ያረፍኩ ሰው ነኝ› አለኝ። ከዚያ በኋላ ያረፍኩ ሰው ነኝ ሲል ምን ማለቱ ነው፣ ሳፊያ? በአላህ ንገሪኝ!»

ሳፊያ ስልኳን አወጣች። ወደ እናቷ ደወለች፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ወደ መናኸሪያው ስትሮጥ ክፍሏም ተማሪዎቿም ከልቧ ጠፍተው ነበር። ሚኒባስ ውስጥ ገና ቦታ ሳትይዝ ረዳቱ ለሾፌሩ ሲነግረው ሰማች።

«ሐረጎ ላይ ጧት አንድ ሚኒባስ ተገልብጧል። ከደሴ የወጣ ነው። ቀስ በል።»

በዚያች መንገድ ላይ ሳፊያ ያላደረገችው ዱዓ የለም። ጉሙ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ መኪናው ደመና ውስጥ የሚዋኝ ይመስል ነበር። ሐረጎ ሲደርሱ መኪና ተሰልፎ ቆሟል። ወርዳ በእግሯ ሄደች። ሚኒባሱ በጎኑ ተኝቶ፣ አንዱ ጎማው ወደ ሰማይ ቀርቶ አየችው። የተጎዱትን ወደ ሆስፒታል ወስደዋቸዋል። ከመንገዱ ዳር ግን ሰዎች ከበው የቆሙለት፣ ጋቢ የለበሰ አንድ ነገር አለ።

«ወንድ ነው?» አለች። ድምፅዋ የሷ አልመሰላትም።

«ወንድ ነው። የምታውቂው ሰው አለሽ?»

አንድ ሰውዬ ጋቢውን ከፊቱ ላይ ገለጥ አደረገላት። ሽማግሌ ነበሩ። ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ፊታቸው የተኛ የሚመስል ሽማግሌ።

«አልሐምዱሊላህ!» አለች ሳፊያ።

ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። ከሬሳው ራስጌ የቆመች ልጃቸው ቀና ብላ አየቻት። ሳፊያ ነጠላዋን እፊቷ ላይ ስባ ቁልቁል ስትሮጥ የምትሸሸው ከዚያች ልጅ ዓይን ነበር፤ ከራሷም ጭምር።

ከታች ባገኘችው ባጃጅ ስትደርስ ኮምቦልቻ ፀሐይ ነበር። ከጉሙ ሥር ያለው አገር ሌላ ዓለም ይመስል ሞቆ፣ ባጃጁ ይርመሰመሳል፣ ከፋብሪካው በኩል ያ የማያቋርጥ ጉምጉምታ ይሰማል። የግቢዋን በር ስትገፋ ጭቃ የለበሰ የወንድ ጫማ ደጃፉ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጧል። በሕይወት አለ ብላ ግድግዳውን ተደገፈች።

ውስጥ ራሂማ ፍራሽዋ ላይ፣ ዘይኑ ከበሩ ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። ከተቀመጡ የቆዩ ይመስላሉ። ማንም እንግዳውን ከፍ በል አላለውም፤ እሱም ከፍ ሊል አልፈለገም።

«ግቢ» አለች ራሂማ ሳትዞር። «አንቺም ስሚው። ድገምላት።»

ዘይኑ ሳፊያን አየ። ከዚያ ዓይኑን ወለሉ ላይ ጥሎ ነገሩን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።

«ጣይባ ተማሪዬ ነበረች። የቅዳሜና እሁድ። ከፋብሪካ የሌሊት ሺፍት ወጥታ በቀጥታ ክፍል የምትመጣ፤ እንዳትተኛ ብላ ከፊት የምትቀመጥ። በዚያ ጥቅምት ጦርነቱ እኮምቦልቻ አፋፍ ሲደርስ ደወለችልኝ። ‹መምህር፣ ሰው ሁሉ እየወጣ ነው፤ እኔስ ልውጣ?› እያለች ታለቅሳለች። ‹አብሽሪ› አልኳት። ‹ሰውን የሚጎዳው ድንጋጤው ነው። መንገዱ ያሰጋል። ቤትሽ ተቀመጪ፤ በሩን ዝጊ፤ ትንፋሽሽን እየቆጠርሽ ተረጋጊ› አልኳት። ከመጽሐፍ ላይ ነው ያነበብኩላት። ሦስት ጊዜ ደወለች፤ ሦስቴም ያንኑ አልኳት። አመነችኝ። በማግስቱ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ከባድ መሣሪያ ቤቷ ላይ ወደቀ። እኔስ? እኔ ያን ዕለት ጎህ ሲቀድ ከቤተሰቤ ጋር ከደሴ ወጥቻለሁ። እሷን ተቀመጪ ብዬ እኔ ወጣሁ፣ እትዬ ራሂማ። ሁለት ሦስት ዓመት ምንም እንዳልሆነ አስተማርኩ። ኅዳር ላይ ሰሌዳው ፊት ሰው ሲፈራ ምን እናድርግ ብዬ ልጽፍ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ሐቋ አለብኝ። የሚጠይቀኝ ሰው ስላጣሁ፣ እርስዎ ይጠይቁኝ ብዬ መጣሁ።»

ሳፊያ አፏን በእጇ ከደነች። አሁን ሁሉም ገባት፤ ያልተባለችው ቃል፣ የማይነሳው ስልክ፣ የእናቷ «ራቂ»። እናቷ ልትጮኽበት ነው፣ ልትረግመው ነው ብላ ጠበቀች።

ራሂማ ግን አልጮኸችም። ስትናገር ድምፅዋ እንደ ሌላ ሴት ነበር።

«ስምህን ስትጠራ ‹መምህሬ ዘይኑ› እያለች ነበር። ማን እንደሆንክ ያኔውኑ አውቃለሁ። ሦስት ዓመት ተኩል ከየሰላቱ በኋላ ስረግምህ ኖሬያለሁ። ለምን ይመስልሃል?»

«ስለገደልኳት።»

«ዝም በል፤ አልጨረስኩም። ያን ቀን አንድ አይሱዙ መጣ። ሰው እላዩ ላይ ተነባብሯል። ‹የአንድ ሰው ቦታ አለ› አሉ። እየሮጥኩ እጣይባ ቤት ሄድኩ፤ ልጅ ናት፣ እሷ ትሂድ ብዬ። ወላሂ እንደዚያ ብዬ ነው የሄድኩት። ‹እትዬ፣ መምህሬ ተቀመጪ ብሎኛል፤ እርስዎ ይሂዱ› አለችኝ። ታዲያ እኔ ምን አልኩ?» የሽርጧን ጫፍ ጨመደደች። «በልቤ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ቦታው ለኔ ሆነልኝ ብዬ። እጇን ይዤ ብጎትታት ትመጣ ነበር፤ ቀላል ልጅ ነበረች፣ ላባ ነበረች። አልጎተትኳትም። አንተን ካልረገምኩ የምረግመው ማንን ነው? ንገረኝ እስቲ፣ ማንን ነው?»

ሳፊያ አንድ ሰዓት ያልሞላት የራሷ አልሐምዱሊላህ ትዝ አለቻት። ሄዳ እናቷን ከኋላ አቀፈቻት። ራሂማ በጦርነቱ አላለቀሰችም፣ መርዶውን ስትሰማ አላለቀሰችም፤ አሁን እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። ዘይኑም ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ ያለቅስ ነበር፤ ሦስት ሰው በአንድ ክፍል፣ እያንዳንዱ የየራሱን።

ከሰዓት በኋላ ራሂማ ፊቷን ታጥባ፣ ሽርጧን አስተካክላ ለዘይኑ ውሃ በብርጭቆ ሰጠችው። ያ ለሷ ትልቅ ነገር ነበር።

«ልጄን እንደምትፈልጋት አውቃለሁ» አለችው። «እሷም እንደምትፈልግህ ከአፏ ሳይሆን ከፊቷ አውቄያለሁ። ግን ሽማግሌ ከመላክህ በፊት የምትሄድበት ቤት አለ። የጣይባ አባት ከገራዶ ወዲያ ነው ያሉት። እኔም ሄጄ አላውቅም። የምላቸውን አጥቼ። ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን።»

«መርሐባ፣ እሺ» አለ ዘይኑ። ድምፁ እንደተፈረደበት ሰው ነበር።

ሲወጣ ሳፊያ እስከ ግቢው በር ሸኘችው።

«አላውቅም ነበር» አለችው። «ጣይባን ስጽፍልህ እናቴን ላስረዳህ ብዬ ነው። ወላሂ አላውቅም ነበር።»

«አሁን ገባኝ። እትዬ ራሂማ ሲነግሩኝ ፊትሽን አየሁት።» የግቢውን በር ያዘ። «ሌላውስ? ያ ዐረፍተ ነገር?»

ውሸት ቀርቦላት ነበር፤ ለስላሳ፣ የምታምር ውሸት። ተወችው።

«እውነት ስለነበር ጻፍኩት። ስፈርም ግን ቦታው በልቤ አልፏል። ለቅጽበት። ይህንንም እወቅ ብዬ ነው።»

ዘይኑ እያያት ቆየ። ከዚያ ያን የመጀመሪያ ቀን ያየችውን ዓይን መልሳ አየችው፤ አጥርቶ የሚያይ፣ አይቶም የሚያዝን። አሁን ግን ያላዘነ ነገርም ነበረበት።

«ደብዳቤዎቼን መልሺልኝ» አለ። «ሳስራቸው ሌሊቱን የምሞት መስሎኝ ነበር።»

ፖስታውን ስትሰጠው ጣታቸው ተነካካ፤ ሁለቱም አልቸኮሉም። ልቧ ግን በደስታ ፈንታ በፍርሃት ነበር የሚመታው። ቅዳሜ ሩቅ አልነበረም።

ኮሚቴው በኋላ፣ የሳፊያን ሁለተኛ ገጽ አንብቦ ይሁን ሰው አጥቶ፣ ለዘይኑ ተጨማሪ አንድ ሴሚስተር ሰጠው፤ ለሷም ያንኑ ጊዜያዊ ደብዳቤ በአዲስ ቀን አደሰላት። ያ ግን በኋላ የሆነ ነው። ቅዳሜ ዕለት ሦስቱም ያሰቡት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

ከገራዶ አልፈው መኪናው ከጣላቸው በኋላ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ወጡ። በልጉ የገብሱን ማሳ አረንጓዴ አድርጎታል። የጣይባ አባት ሼህ ውዱ ከቤታቸው ደጅ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መጫኛ ይገምዱ ነበር። ራሂማን ስሟን ስትነግራቸው አወቋት። ዘይኑን አላወቁትም። እሱም አልተቀመጠም፤ ቆሞ፣ ከመጀመሪያው ጥሪ እስከ መጨረሻው፣ ራሱን ሳይምር ነገራቸው። ራሂማም የሷን ነገረች። ሽማግሌው መጫኛውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው እስከ ዳር ሰሟቸው። ሳፊያ የሰውዬውን እጅ እያየች፣ አሁን ይነሳል፣ አሁን ይመታዋል ትል ነበር።

እጁ አልተነሳም።

«መጀመሪያ ስትደውልልህ ታለቅስ ነበር አልክ» አሉ።

«አዎ፣ ሼህ።»

«በሦስተኛውስ?»

ዘይኑ ይህን ማንም ጠይቆት አያውቅም። «በሦስተኛው አላለቀሰችም። ‹ፈተናው ይራዘምልን ይሆን?› አለችኝ። ‹ሳታጠኚ ቀርተሽ ነው?› አልኳት። ሳቀች።»

«ሳቀች?»

«ሳቀች።»

ሼህ ውዱ ወደ ማሳው ዞሩ። ነፋሱ ገብሱን አስተኝቶ እስኪያነሳው ድረስ ፊታቸውን አልመለሱም። ትከሻቸው ግን ዝም አላለም።

«አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ብለህ ነው የመጣኸው» አሉ በመጨረሻ። «ዛሬ አልችልም። ችያለሁ ብል ውሸት ይሆናል፤ በዚህ ዕድሜዬ አልዋሽም። አንቺም ራሂማ፣ እንደዚያው ነሽ። ግን መጥታችኋል። ሌላ ማንም አልመጣም።» ከዚያ ዓይናቸው ሳፊያ ላይ አረፈ። «ይቺ ልጅ ሚስትህ ናት?»

«ልትሆን ነው፣ አላህ ካለ» አለ ዘይኑ።

«እንግዲያ ሠርጋችሁ ሲሆን ጥሩኝ። የምመጣ እንደሆነ አላውቅም። ብመጣ አውፍ ብያለሁ ማለት ነው። ብቀር ደግሞ ያለሁበትን ታውቃላችሁ።»

መጫኛቸውን አንስተው መግመድ ቀጠሉ። ሦስቱም ተሰናብተው ቁልቁለቱን ጀመሩ፤ ራሂማ ከፊት፣ እነሱ ከኋላ። ከቆላው ጉም እየተነሳ ነበር። ዘይኑ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋላት። ሳፊያ ይህን እጅ ከያዘች በሠርጓ ቀን፣ ሰው ሁሉ እሷን ሲያይ፣ እሷ በር በሩን ስታይ እንደምትውል አወቀች፤ የማይመጣ እንግዳ እየጠበቀች፣ የሚመጣ ከሆነም እየፈራች። ያን እያወቀች እጁን ያዘችው።